ዲቴክተሩና ጠገራው

ከአክስቴ ጓሮ አፈር ሥር አራት ነገር ቀበርን፦ አንድ ጠገራ ብር፣ አንድ የጃንሆይ ዘመን ስሙኒ፣ አንድ የቢራ ቆርኪና አንድ የቆርቆሮ ምስማር። አምስተኛውን ጉድጓድ ባዶውን ደፈንነው። ቤቱ ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከሸማ ገበያው ገባ ብሎ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ ዳገት መሆን የሚጀምርበት ሰፈር። የአክስቴ ልጅ ሻኪሶ ወርቅ ፍለጋ ከርሞ ሲመለስ አንድ ዲቴክተር ይዞ መጥቷል። ጎረቤቱ በሙሉ «እንጦጦ ላይ የተቀበረ ብር ሊያወጣ ነው» እያለ ስለሚያወራ፣ እኔም መሣሪያው በእርግጥ ምን እንደሚችል ማየት ፈለግሁ። ጠገራውን ያዋሱን በር ለበር የምንኖር አንድ አዛውንት ሸማኔ ናቸው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ሲሰጡኝ፣ «ልጄ፣ ስትጨርስ በእጄ ነው የምትመልስልኝ። በሰው እንዳትልከው» አሉኝ።

መሣሪያው ለዓይን የሚሞላ አይደለም። ክንድ የሚያርፍበት ዘንግ፣ ከጫፉ የምግብ ሳህን የሚያህል ክብ፣ ከእጀታው ላይ ትንሽ መስኮት፣ ከዚያ ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ። የአክስቴ ልጅ ሳህኑን ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጎ፣ ሣር እንደሚያጭድ ሰው ግራና ቀኝ ያወዛውዘው ጀመር። ባዶው ጉድጓድ ላይ ዝም አለ። ምስማሩ ላይ አጭር የሻከረ ድምፅ አሰማ። ቆርኪው ላይ ድምፁ ወጣ ገባ እያለ አስቸገረው፤ ከስሙኒው ለመለየት ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት። ጠገራው ላይ ሲደርስ ግን ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ወደ እኔ ዘረጋልኝ። ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ከግራም ከቀኝም ሲመጣ የማይለዋወጥ ድምፅ ነበር። «ብር እንዲህ ነው የሚናገረው» አለኝ።

ይህን መሣሪያ የማያውቅ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ባንክ በር ላይ፣ ሆቴል መግቢያ ላይ፣ አዳራሽ ስንገባ ጥበቃዎቹ ወገባችን ላይ የሚያዞሩት በእጅ የሚያዝ መፈተሻ የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ቀበቶአችን ዘለበት ላይ ሲደርስ ጢጥ የሚለውም በዚያው ዘዴ ነው። በሳህኑ ውስጥ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል። ባትሪው በሽቦው ውስጥ የሚልከው ኮረንቲ በሴኮንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ አቅጣጫውን ይቀያይራል፤ በዚህም ምክንያት ከሳህኑ ሥር የሚወዛወዝ የማግኔት መስክ ይፈጠራል። መስኩ አፈሩን አልፎ ብረት ነክ ነገር ሲያገኝ፣ በዚያ ነገር ገላ ላይ እንደ ውሃ አዙሪት የሚሽከረከር ትንሽ ኮረንቲ ያስነሳል። አዙሪቱ ደግሞ በተራው የራሱን ደካማ የማግኔት መስክ ወደ ላይ ይመልሳል። በሳህኑ ውስጥ ያለው ሁለተኛ ጥምጥም ሽቦ ሥራው ይህን መልስ ማዳመጥ ነው።

መልሱ ከየብረቱ ሲመጣ አንድ ዓይነት አይደለም። ከብረታ ብረት ሁሉ ኮረንቲን የተሻለ የሚያስተላልፈው ብር ነው፤ መዳብ ይከተለዋል። በእነዚህ ላይ የተነሳው አዙሪት ቶሎ ስለማይሞት መልሱ ዘግየት ብሎ ይደርሳል። ተራ ብረት ግን በማግኔት የመሳብ ጠባይ ስላለው መልሱ በሌላ መልክ ይመጣል። መሣሪያው ይህን የጊዜ ልዩነት ለክቶ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ስለዚህ «ሳንቲም አገኘሁ» ማለት አይችልም። የሚያውቀው ነገሩ ምን ያህል ኮረንቲ እንደሚያስተላልፍ፣ በማግኔት መሳብ አለመሳቡንና መጠኑን ብቻ ነው። የቀረው የሰው ጆሮና ልምድ ነው።

ጥልቀቱን በተመለከተ ብዙ ውሸት ይወራል። የጠገራ ብር ስፋት ያለውን ነገር እንዲህ ያለው መሣሪያ ደህና አፈር ላይ ከአንድ ስንዝር ትንሽ አለፍ አድርጎ፣ ቢበዛ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሰማዋል። ትናንሽ ሳንቲሞችን ከዚያም በላይ ቀርበው ካልሆነ አይሰማቸውም። «ሦስት ሜትር ያወጣል» እያሉ የሚሸጡለት ሰው ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል። የእንጦጦ ግርጌ ደግሞ ለዲቴክተር ቀላል አገር አይደለም። ተራራው እሳተ ገሞራ የተፋው ነው፤ ቀይ አፈሩም ብረት አዘል ነው። መሬቱ ራሱ መልስ ስለሚሰጥ ባለመሣሪያው መጀመሪያ ሳህኑን ከፍ ዝቅ እያደረገ «ይህ የአፈሩ ድምፅ ነው፣ እርሳው» ብሎ ማስተካከል አለበት። እኛ ጓሮ ውስጥ ወደ ቆርቆሮ አጥሩ በተጠጋን ቁጥር መሣሪያው ያለማቋረጥ ይጮህ ነበር።

የመሣሪያው ታሪክ የሚጀምረው ሳንቲም ፍለጋ ላይ ሳይሆን በአንድ የቆሰለ ሰው አልጋ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጋርፊልድ በጥይት ሲመቱ፣ ስልክን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ከሰውነታቸው ውስጥ የቀረችውን እርሳስ በድምፅ ለማግኘት መሣሪያ ሠርቶ ሞከረ፤ የአልጋው የብረት ሞላ አሳሳተው፣ ፕሬዚዳንቱም አልዳኑም። በ1930ዎቹ ጌርሃርድ ፊሸር የተባለ ከጀርመን ወደ አሜሪካ የሄደ መሐንዲስ የሬዲዮ አቅጣጫ ጠቋሚ ሲሠራ መሬት ውስጥ ያለ ማዕድን ንባቡን እንደሚያዛባ አስተዋለና፣ ለሽያጭ የሚሆን መፈለጊያ አወጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ የሠራው ፈንጂ መፈለጊያ በ1942 ኤል አላሜይን ላይ ለእንግሊዝ ጦር መንገድ ጠረገ። ጦርነቱ ሲያበቃ መሣሪያው ወደ ሰላማዊ ሰው እጅ ገባ። እኛ አገር ዛሬ በብዛት የሚታየው በባህላዊ ወርቅ አምራቾች ዘንድ ነው።

ታዲያ እንጦጦ ላይ የሚፈለገው ብር ከየት መጣ? ወሬው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ጣሊያን ሲሸሽ ቀብሮት የሄደው ወርቅ» ነው፤ ይህን ተረት በየአውራጃው ሰምቼዋለሁ፣ ስንት ሰው የራሱን ግድግዳ አፍርሶበታል። ሁለተኛው ግን መሠረት አለው። ምኒልክ ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ወርደው አዲስ አበባን ከመመሥረታቸው በፊት ከተማቸው እንጦጦ ነበረች። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የነገሡትም እዚያው እንጦጦ ማርያም ነው። መኳንንቱ፣ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ ጌሾ ወቃጩና ጠጅ ጣዩ ሁሉ በዚያ ዳገት ላይ ሰፍሮ ነበር። የአቢሲኒያ ባንክ የተከፈተው በ1898 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ገንዘብ ያለው ሰው ባንኩ መሬት ነበር። ብሩን በማድጋ አድርጎ ከምድጃ ሥር፣ ከመደብ ሥር ወይም ከአጥር ጥግ ይቀብረዋል። ዘማች ቀብሮ ዘምቶ ሳይመለስ ሲቀር ቦታውን የሚያውቅ አይኖርም።

የተቀበረው ገንዘብ በአብዛኛው ጠገራ ነው፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ እኛ ማርትሬዛ የምንለው። 28 ግራም ይከብዳል፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹህ ብር ነው። ሺህ ብር ማለት 28 ኪሎ ሸክም ነውና ግብር በበቅሎ ይጓጓዝ የነበረው በምክንያት ነው። ሽሮ ሜዳ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ያዋሱኝን ጠገራ አገላብጬ አየሁት። ሙሉ ደረት ያላት ሴት፣ በትከሻዋ ላይ በዕንቁ የተከበበ ማያያዣ፣ በራሷ ላይ ዕንቁ የተደረደረበት ጌጥ፤ ከጀርባው ሁለት ራስ ያለው ንስር፤ ጠርዙ ላይ በላቲን የተቀረጸ ጽሑፍ። የጥንቱ ሰው ዕንቁዎቹን በጣቱ ቆጥሮ፣ ብሩን ድንጋይ ላይ አንጣጥቶ ድምፁን ሰምቶ ነበር የሚቀበለው። ዕንቁው ያለቀበትን ብር አልፈልግም ብሎ ይመልሳል።

ይህ ብር አንድ ጠባይ አለው፤ ስለ ዲቴክተር ሳስብ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። የተጻፈበት ዓመት ሁልጊዜ 1780 ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ስለሆነ ከዚያ በኋላ የታተመው ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። ቪየና ቢታተም፣ ጣሊያን እኛን ለመውረር ስትዘጋጅ ሮም ላይ ብታትመው፣ በኋላ ለንደን ወይም ቦምቤይ ቢታተም ያው 1780 ነው። ባለሙያ በንስሩ ላባና በጌጡ ጥቃቅን ልዩነት ማተሚያውን ሊለይ ይሞክራል፤ ብሩ መቼ እንደተቀበረና የማን እንደነበረ ግን ከራሱ ከብሩ ማወቅ አይቻልም። ያንን የሚናገረው ቦታው ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው አመድ፣ ከጎኑ ያለው የማድጋ ስባሪ፣ ከላዩ የተደረበው የአፈር ንብርብር፣ በአጠገቡ የወደቀ ሌላ ሳንቲም። ለምሳሌ አንድ የፈረሰ የእንጦጦ ቤት ወለል ሥር ከጠገራው ጋር በምኒልክ ስም የታተመ አላድ የሚባል ሳንቲም ቢገኝ፣ ያ ወለል ቤተ መንግሥቱ ወደ ታች ከወረደ በኋላ የተነጠፈ መሆኑን እናውቃለን፤ ምክንያቱም በፓሪስ ከታተሙት የምኒልክ ብርና አላድ በመጀመሪያዎቹ ላይ ያለው ዓመት 1887 ዓ.ም. ነው። ሰውየው በዲቴክተር አግኝቶ በዶማ ፈንቅሎ ካወጣው ግን በእጁ የሚቀረው 28 ግራም ብር ነው። ሽሮ ሜዳ ላለ ሸማኔ ይህን ማስረዳት አይከብድም። ድርና ማጉ ከተበጠሰ ከጥለቱ የቀረው አንድ ክር የማን ቀሚስ እንደነበረ አይናገርም።

እንጦጦ ላይ ዲቴክተር የሚያስጮኸው ሁሉ ሳንቲም አይሆንም፤ ገንዘብ የነበረው ሁሉም አይጮህም። ለረጅም ዘመን የዚህ አገር መገበያያ የነበረው አሞሌ ከአፋር ሜዳ ተቆርጦ የሚመጣ ጨው ነው፤ ዝናብ ካገኘው ቀልጦ አፈር ይሆናል። በሌላ በኩል የጥይት ቀለህ ይጮሃል። በምኒልክ ዘመን ጥይት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅ እጅ ይዘዋወር ነበር። ስለዚህ ዳገቱ ላይ አንዲት የዛገች ቀለህ ያገኘ ሰው «ብር መስሎኝ» ብሎ ሲወረውራት፣ የወረወረው የገበያ ሳንቲም ሊሆን ይችላል። ከጓሯችን ያወጣነው ስሙኒም የራሱ ታሪክ አለው። 1936 ዓ.ም. የተጻፈበት የመዳብ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበር፤ አጭበርባሪዎች ብር ቀብተው እንደ ሽልንግ መስጠት ሲጀምሩ መንግሥት ሰብስቦ ዙሪያውን እንደ አበባ ከረከመው። የኛው ከተከረከሙት አንዱ ነው፤ ጣት ሲነካው ወዲያው ይታወቃል። ጠገራው ራሱ ከመገበያያነት የወጣው በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲታወጅ ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛው ወደ አንጥረኛ ሄዶ መስቀል፣ ጉትቻና አምባር ሆነ። ሽሮ ሜዳ ከሐበሻ ቀሚሱ ጋር የምናያቸው አሮጌ የብር መስቀሎች ብዙዎቹ ሥጋቸው ማርትሬዛ ነው።

ወደ ሰሜን ሲኬድ ነገሩ በብዙ ይጠልቃል። አክሱም እ.ኤ.አ. ከ270 ገደማ ጀምሮ በንጉሥ ኢንዱቢስ ስም የወርቅና የብር፣ ከእሱ በኋላም የነሐስ ሳንቲም ታትም ነበር። የንጉሡን ራስ በሁለት የእህል ዛላ መካከል ትቀርጻለች፤ በአንዳንዶቹ የብርና የነሐስ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ቀጭን ወርቅ ትለብጣለች። እንዲህ ያለ ልባጥ በዚያ ዘመን ሌላ ዘንድ አይገኝም። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ አናት ላይ የነበረው ጨረቃና ክብ ወርዶ መስቀል ተተካ፤ የአንድ መንግሥት እምነት መለወጥ ከጥፍር ብዙም በማይበልጥ ነገር ላይ ተጽፎ ይታያል። አክሱም ዙሪያ ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ አፈሩ የሚያወጣቸውን ሳንቲሞች ልጆች ለቅመው ለቱሪስት ይሸጡ ነበር። ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ስድስት ኪሎን አልፎ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም የወረደ ሰው እነዚህን ሳንቲሞች ሊያያቸው ይችላል፤ ከልጆቹ እጅ ወደ ውጭ የወጡትን ግን ማን እንደያዛቸው፣ ከየትኛው እርሻ እንደተነሱ የሚያውቅ የለም።

ስለ ቦታ ስናገር ሁለት ምሳሌ ሁልጊዜ ይመጣብኛል። እ.ኤ.አ. በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች ተገኙ፤ የሰሜን ሕንድና የአፍጋኒስታን ገዥ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ሳንቲሞች ናቸው፣ ገዳሙ ከመመሥረቱ ከመቶዎች ዓመታት በፊት የታተሙ። በጥናት ቁፋሮ የወጡ ስላልሆኑ ማን አመጣቸው፣ መቼ ተቀበሩ የሚለው ጥያቄ ዛሬም ክፍት ነው። በሌላ በኩል የመን ውስጥ አል ማዳሪባ በተባለ ቦታ ከሺህ በላይ የወርቅ ሳንቲሞች በአንድነት ተገኝተዋል፤ ከ300 በላዩ የአክሱም፣ የቀሩት የሮማ ናቸው። አብረው መገኘታቸው ብቻ የአክሱምና የሮማ ወርቅ በቀይ ባሕር ማዶ በአንድ ኪስ ይዘዋወር እንደነበር አሳይቷል። ሳንቲሞቹ አንድ በአንድ ተሽጠው ቢሆን ይህን ማንም አይነግረንም ነበር።

ሕጉም የሚጠብቀው ይህንን ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈርን አይፈቅድም፤ በፍለጋ የተገኘ ቅርስም የመንግሥት ነው። እንጦጦ ማርያም ግቢ ዙሪያ፣ የድሮው ቤተ መንግሥት አካባቢ ወይም በጫካው ውስጥ ባሉት የድንጋይ ካቦች ላይ ዲቴክተር ይዞ መዞር፣ ባለቤቱ «ለመዝናናት ነው» ቢልም፣ የተከለከለ ነገር ነው። ለአክስቴ ልጅም ያልኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን አዋጁ በአጋጣሚ ያገኘውን ሰው አይቀጣም። ሽሮ ሜዳ ላይ በየቀኑ መሠረት ይቆፈራል፣ የቧንቧ ቦይ ይወጣል። የቀን ሠራተኛ ዶማው ማድጋ ቢመታ ወዲያው ለቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከብ ድረስ ዕቃውን እንዳለ መጠበቅ አለበት። ለሚያስረክበውም ተገቢው ሽልማት እንዲሰጠው አዋጁ ያዛል። ይህን የሚያውቅ የግንባታ ሠራተኛ ስንት እንደሆነ አላውቅም፤ በየሳይቱ በር ላይ ተጽፎ ቢለጠፍ እወዳለሁ። እስከዚያው ላገኘ ሰው አንድ ምክር አለኝ፦ አታንሳው፣ አትጠበው፣ በአሸዋና በሎሚ አትፈትገው። ባለበት በስልክህ ፎቶ አንሳው፣ ጉድጓዱንም ጨምረህ አንሳ።

ዲቴክተሩን ግን ክፉ ዕቃ አድርጌ አላየውም። ጀርመን ውስጥ ካልክሪዘ በተባለ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1987 አንድ እንግሊዛዊ መኮንን፣ ከአካባቢው የአርኪዮሎጂ ሹም ጋር ተነጋግሮ በመሣሪያው ሲፈልግ የሮማ ብሮችን አገኘ። እያንዳንዱ ግኝት በካርታ ላይ ስለተመዘገበ፣ እ.ኤ.አ. በ9 ሦስት የሮማ ክፍለ ጦሮች አለቁበት የሚባለው የጦር ሜዳ እዚያ እንደነበረ ብዙ ሊቃውንት አመኑ። አሜሪካ ውስጥ ሊትል ቢግሆርን በተባለ የድሮ የጦር ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1984 ተመራማሪዎች በዲቴክተር ቀለህና እርሳስ እየለቀሙ፣ የእያንዳንዱን ቦታ እያሰፈሩ፣ የውጊያውን አካሄድ ከመሬቱ አነበቡት። ይህን ሳነብ ዓድዋ ትዝ አለችኝ። 1888 ዓ.ም. የካቲት 23 ቀን በእነዚያ ተራሮች መካከል የወደቀው ቀለህና እርሳስ ምን ያህል ነው? የትኛው ጦር ከየት ተኩሶ፣ የትኛው ከየት እንደተጠጋ፣ በአፍ የወረደውንና በመጽሐፍ የተጻፈውን ከመሬቱ ጋር ማስተያየት ይቻል ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው የተደራጀ ቡድን፣ ፈቃድ፣ ካርታና ትዕግሥት ነው። ያልፈነዳ ጥይትና ቦምብ አፈር ውስጥ ሊኖር ስለሚችል ልምድ የሌለው ሰው ዶማ ይዞ የሚሞክረውም አይደለም። ለወርቅ ፍለጋ የተካኑት ልጆች ጆሮ ግን ለዚህ ሥራ ቢሠለጥን ትልቅ ጥቅም ነበረው። የአክስቴ ልጅ ቆርኪና ስሙኒን በድምፅ ሲለይ አይቼዋለሁ።

ሊመሽ ሲል ጠገራውን ይዤ ሄድኩ። አባባ መወርወሪያቸውን አስቀምጠው ብሩን ተቀበሉኝና መጀመሪያ ዕንቁዎቹን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ፤ ከዚያ የደጃፉ ድንጋይ ላይ አንጣጡት። ጮኸ። «እሱ ራሱ ነው» አሉ። ከየት እንዳገኙት ጠየቅኋቸው። እናታቸው ጣሊያን የገባ ጊዜ ጨንቻ ካለው ቤታቸው ውስጥ፣ ከምሰሶው በስተቀኝ፣ ከወፍጮው ሥር ሰባት ብር ቀብራ እንደነበርና ጣሊያን ሲወጣ ሰባቱንም እንዳወጣቻቸው ነገሩኝ። ስድስቱ በሬ ተገዛባቸው። ይቺ ሰባተኛዋ ናት። ወፍጮው ዛሬም እዚያው አለ ብለው እንደገና ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሯት።